አራት ምት ቀድሞ

አዎ፣ ቀድሜ ገብቻለሁ። ስምንት ምት መጠበቅ ሲገባኝ በአራተኛው ገብቻለሁ። ይህን ክጄ አላውቅም፤ ወደፊትም አልክድም። ዘፈኑ «የሐሙስ ቀጠሮ» ይባላል፤ ዘፋኟ ሉባባ ናት፤ ሉባባ የመጀመሪያውን ቤት ሳትጨርስ ድንገት የሚገባው ጥሩንባ ደግሞ የኔ ነው። ያኔ አዲስ አበባ የነበረ ሁሉ፣ ከነበረ ሰው የተወለደም ጭምር፣ ያውቀዋል።

አሁን በስደት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የካውንቲውን፣ የወረዳውን ማለት ነው፣ አውቶቡስ እነዳለሁ። አንድ ቀን ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንድ የኛ ሰው ተሳፈረና ገና ሳይቀመጥ ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። ያ ቀድሞ የገባው ጥሩንባ ነፊ እኔ መሆኔን ጠየቀኝ። ነኝ አልኩት። ያን ቀን ስንት ጠርሙስ ጠጥቼ እንደነበር ሲጠይቀኝ ግን ከቢጫው መስመር ኋላ እንዲቆም ነገርኩት። ሥራዬ ባይሆን ኖሮ እዚያው ዝናቡ ላይ አወርደው ነበር።

የሚያንገበግበኝ ቀድሞ ገባ መባሌ አይደለም፤ ሰክሮ ነበር መባሌ ነው። ያን ቀን በጉሮሮዬ የወረደ ነገር ቢኖር የራሴ ምራቅ ብቻ ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ሥዩም እባላለሁ። በ1965 ዓ.ም. የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ትራምፔት እነፋ ነበር። የባንዱ መሪ ወንድሜነህ ይባላል። ኦርጋን ይጫወታል፣ ዜማ ያቀናብራል፣ አርፍዶ የመጣን ሰው በዓይኑ ብቻ ያሳፍራል። ጸጉሩን አፍሮ አበጥሮ፣ ሱሪው ከታች መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ሆኖ፣ ላየው ሰው የዘመኑ ዱርዬ ይመስል ነበር። ግን አንዲት ጾም አታመልጠውም። ሌሊቱን ሰው ሲያስጨፍር አድሮ በነጋታው ቅዳሴ ያስቀድሳል። እኛ ስንቀልድበት፣ ደሞዙን የሚከፍለው ሆቴሉ ቢሆንም ለነፍሱ ግን ሆቴሉ ዋስ እንደማይሆነው ይመልስልን ነበር።

ሸክላው የተቀዳው በሁዳዴ ነው። የአንድ ሙዚቃ ቤት ባለቤት መቅጃ ማሽን ተከራይቶ የሆቴሉን አዳራሽ ለአንድ ቀን አስፈቀደ። በጠዋት ተጠርተን መጣን፤ ማሽኑ ግን የመጣው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እንደ ዛሬ እያንዳንዱ ሰው በየተራው ገብቶ የየራሱን አስቀድቶ የሚወጣበት ዘመን አልነበረም። ሁላችንም አንድ ላይ እንጫወታለን፤ የተጫወትነው ይቀዳል፤ አለቀ። ማይኩ ሁለት ነው፣ አንዱ ለሉባባ፣ አንዱ ለቀረነው። ትራምፔት ጉልበቱ ስለሚበዛ እኔን ከሁሉም አርቀው ወጥ ቤቱ በር ሥር አቆሙኝ። ከበሩ ውስጥ ለእንግዶች የሚጠበሰው ሥጋ ይሸታል። ጾሙ የሚፈታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከመካከላችን ደልቷት የቆመችው ሉባባ ብቻ ነበረች፤ እሷ ሙስሊም ናት፣ ጠዋት ፉሏን በልታ ነው የመጣችው።

ወንድሜነህ ሁለት እጁ ኦርጋኑ ላይ ስለሆነ ምልክት የሚሰጠን በራሱ ነው። ራሱን ዝቅ ሲያደርግ እኔ እገባለሁ። ሉባባ «ሐሙስ ስትመጣ እኔ እጠብቅሃለሁ» ብላ ስትጨርስ፣ ስምንት ምት ሞልቶ ማለት ነው፣ ራሱን ዝቅ ማድረግ ነበረበት። «እጠብቅ» እንዳለች ዝቅ አለ። ገባሁ።

የመጀመሪያውን ድምፅ ሳወጣ ነው ያየሁት። ወንድሜነህ ባንኖ ራሱን ቀና አደረገ፤ ዓይኑ የጨቅላ ዓይን መስሏል። ሰውየው እንቅልፍ ጥሎት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ሌሊት ሠርቶ አድሯል፤ ሆዱ ባዶ፣ ዓይኑ ከባድ። እጆቹ ግን አንድ ቁልፍ አልሳቱም፤ ተኝተው የሚሠሩ እጆች ነበሩት። ባሱም ድራሙም ተከተሉኝ፣ ሉባባ «እጠብቅ» ላይ ቃሏን ዋጠችው፣ ዘፈኑ ሄደ። ስንጨርስ የማሽኑ ሰውዬ ሌላ ቴፕ የለኝም አለ።

ለምን እንደገባሁ ያወቅነው እኔና ወንድሜነህ ብቻ ነን። ዕቃችንን ስንሰበስብ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ «መጾሜን እንጂ መተኛቴን ሰው አይወቅብኝ» አለኝ። ቃሌን ሰጠሁት። የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ለመሪው የሚሰጠው ቃል ቀላል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አያውቅም።

ሸክላው ወጣ። ሰዉ ጉድ አለ፤ ያችን ቦታ ግን ወደዳት። በሰርግ ላይ ሉባባ «እጠብቅ» ስትል አዳራሹ ሙሉ አብሮኝ ይዘላል። ዘፈኑን የሚጫወቱ ሌሎች ባንዶች ስህተቴን ሳይቀር ቀዱት። እንዲያውም አንድ የማውቀው ትራምፔት ነፊ ናዝሬት ላይ ስምንቱን ምት በሥርዓት ቆጥሮ ቢገባ ሰዉ አፏጭቶ ከመድረክ አስወረደው። ወሬው ደግሞ ለብቻው አደገ። ሥዩም ያን ቀን በጂን ነፍዞ ነበር ተባለ። በጂን። በሁዳዴ። እናቴ ሳትቀር ጠርታ መከረችኝ። አንዲት ቃል ተንፍሼ ራሴን ነጻ ማውጣት እችል ነበር፤ አልተነፈስኩም።

በ1970 ወንድሜነህን የቀበሌ ሰዎች በጠዋት መጥተው ከቤቱ ወሰዱት። ሬሳው አልተመለሰም። መቃብር የለውም። ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ትቶ ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ ለሰው ልናገር ብልስ እንዴት እናገራለሁ? በሞተ ሰው ላይ ጥፋቱን ለጠፈ መባል ብቻ ነው ትርፉ። ከዚያ ይልቅ ሰካራም መባል ይሻለኛል አልኩና ሰካራም እንደተባልኩ አገር ለቅቄ እዚህ ደረስኩ።

እንግዲህ በፍቃዱ የሚባለው ሰው የመጣው በዚህ ላይ ነው። በፍቃዱ እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ ውስጥ የካሴትና የሲዲ ሱቅ አለው፤ የሱቁን ጓዳ ስቱዲዮ አድርጎታል። ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነው፣ ትሑት ነው፣ ሲናገር እጁን ያጣጥፋል። በ1997 በፈረንጆች፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የዚያን ዘመን ዘፈኖች በአንድ ሲዲ ሰብስቤ ላወጣ ነው ብሎ ቤቴ ድረስ መጣ። «የሐሙስ ቀጠሮ»ን ከየሰው ለምኖ ያገኘው ሸክላ ሁሉ ተጭሯል። የኔ ግን አልተጫረም፤ ከሀገር ስወጣ በሁለት ሸሚዝ መካከል አድርጌ ያመጣሁት ነው። ደስ ብሎኝ ሰጠሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለኔ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ደውሎ ና ስማ አለኝ። ከሥራ ወጥቼ የሹፌር ልብሴን እንደለበስኩ ሄድኩ። ጓዳው ውስጥ ካለው ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጦ ከፈተልኝ። የሸክላው ጩኸት ጠፍቷል፣ ባሱ እንደ ትናንት የተቀዳ ያህል ይሰማል። የወንድሜነህ ኦርጋን ሲመጣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልዋሽም። ሉባባ ጀመረች። «ሐሙስ ስትመጣ እኔ...» ስትል ከንፈሬ ለብቻው ተዘጋጀ። ሉባባ ግን «እጠብቅሃለሁ» ብላ ቃሏን እስከ መጨረሻው ጨረሰች፤ ስምንቱ ምት ሞላ፤ ከዚያ በኋላ እኔ እንደ ሠለጠነ ሰው ተራዬን ጠብቄ ገባሁ።

በፍቃዱ ፈገግ ብሎ ያየኛል። የጎደለውን ከሦስተኛው ቤት ላይ ቆርጦ እንዳስገባበት፣ አራት ቀን ሙሉ እንደደከመበት፣ መጋጠሚያው በጆሮ እንደማይታወቅ ነገረኝ። በእውነት አይታወቅም ነበር። የበለጠ ያበሳጨኝም እሱ ነው።

«የነበረውን እንደነበረ መልሰው» አልኩት።

«ጋሽ ሥዩም፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው ፊክስ ያደረግኩት። ስንት ዘመን ይስቁብዎታል? አሁን ደግሞ ይህን ሲዲ ፈረንጅም ይገዛዋል። መቁጠር አይችሉም እንዲሉን ነው የሚፈልጉት?»

«ፈረንጅ የፈለገውን ይበል። አንተ እዚያ ነበርክ? ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ። መልሰው።»

«ምክንያት ካለዎት ይንገሩኝና እመልሰዋለሁ» አለኝ እጁን አጣጥፎ። «ስህተት ከሆነ ግን ስህተት ነው።»

ምክንያትማ ነበረኝ። ያ አራት ምት የወንድሜነህ ራስ ዝቅ ያለበት ነው። ሰውዬው መቃብር የለውም፤ ፎቶው የማንም ፎቶ ነው፣ ኦርጋኑም የሆቴሉ ኦርጋን ነው። ሥጋ የለበሰ፣ የሚርበው፣ የሚደክመው ወንድሜነህ ያለው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው። እሷን ቆርጠህ ስትጥል እሱን ነው የምትጥለው ልለው ነበር። ግን ቃል አለብኝ፤ የሰጠሁትም ለሞተ ሰው ስለሆነ ይቅር ልበልህ የሚለኝ የለም። ሸክላዬን አምጣ አልኩት። ሸክላው ምን ይሠራልኛል፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገብቷል። ቢሆንም በብብቴ ሸጉጬው ወጣሁ።

ሉባባ ጋ ደወልኩ። ሉባባ ሴቨን ኮርነርስ አጠገብ ባለ አንድ ልብስ ቤት ሱሪ ታሳጥራለች፣ ቀሚስ ታጠብባለች። ትደግፈኛለች ብዬ ነበር፤ ወዲያው አኮረፈችኝ። ያችን ግማሽ ቃል ሃያ አራት ዓመት እንዳፈረችባት ነገረችኝ። ሰው በጥሩንባው ይስቃል እንጂ የተዋጠው የሷ ቃል ነው፤ ገበያ ስትወጣ ሕፃናት «እጠብቅ፣ እጠብቅ» እያሉ ይከተሏት ነበር። አሁን ቃሏ ሞልቶ ወጥቷል፣ እሷም ሲዲው እንዲወጣ ፈቅዳ ፈርማለች። «ላንተ ሲባል ዕድሜ ልኬን ስዋጥ ልኑር?» አለችኝ። ይህንን አላውቅም ነበር፤ እውነቷን ነው። እውነቷን ነው ማለት ግን እሺ ማለት አይደለም፤ እኔ እሺ አላልኩም።

ሲዲው ከመታተሙ በፊት ማስተዋወቂያ ይሆን ዘንድ በፍቃዱ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አዳራሽ ያዘ። ቀኑ ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ማስታወቂያው «የሰባዎቹ ወርቃማ ዜማ» ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ የኛ ሰባዎቹማ ምን ወርቅ ነበራቸው። በሕይወት የቀረነው እኔና ሉባባ መድረክ ላይ እንድንወጣ፣ የወንድሜነህ ልጅ ትርሲት ደግሞ በአባቷ ስም የመታሰቢያ ሰሌዳ እንድትቀበል ተጠራን። ሲዲው ይከፈታል፣ ሉባባ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ እኔ ትራምፔቱን ይዤ አስመስላለሁ። በፍቃዱ ይህንን ሲያስረዳኝ ያለ ክርክር እሺ አልኩት። ቶሎ እሺ ማለቴ ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር።

በአፓርትመንት ጥሩንባ አይነፋም፤ አንዴ ሞክሬ የኪራይ ውሌን ሊሰርዙብኝ ነበር። እኔ የምለማመደው መኪናዬን ስላይጎ ክሪክ ከሚባል ጅረት ዳር አቁሜ፣ መስኮቱን ዘግቼ ነው። እስከዚያ እሑድ ድረስ በየቀኑ ከሥራ በኋላ ሄድኩ። ከንፈሬ ላልቷል፣ ትንፋሼም እንደ ድሮው አይደለም። ከላይ ያለችው፣ የዜማው ከፍተኛ ድምፅ፣ እምቢ ስትለኝ ራሴን ሰደብኩ፣ እንደገና ነፋሁ። በሁለተኛው ሳምንት መጣች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ያን ዘመን ያልደረሱበት ልጆች ቤልቦተም ለብሰው፣ ከሱቅ የተገዛ አፍሮ ጸጉር ደፍተው መጥተዋል። ሲያዩኝ ፎቶ አብሬያቸው እንድነሳ ጠየቁኝ፤ ተነሳሁ፣ ግን አልሳቅሁም። ትርሲት የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጌይተርስበርግ ነው ያደገችው፣ ኮሌጅ ትማራለች። የአባቷን ግንባር ነው የያዘችው። ስሟ ሲጠራ ወጥታ ሰሌዳውን ተቀበለች። በፍቃዱ ስለ አባቷ ታላቅነት፣ ስለ ረቂቅ ቅንብሩ፣ ስለ መሥዋዕትነቱ ተናገረ። እሷ ሰሌዳውን ደረቷ ላይ አድርጋ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ታዳምጣለች። ይህንን ስትሰማ ያደገች ልጅ መሆኗ ያስታውቃል፤ ፊቷ ላይ አዲስ ነገር የለም።

ከዚያ ሉባባና እኔ ወጣን። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። በፍቃዱ በዚህ ቢበቃው ኖሮ ምናልባት ወኔዬ ይከዳኝ ነበር፤ ሰው ሲያጨበጭብልህ ልብህ ይላላል። እሱ ግን ማይኩን አጠጋና «ጋሽ ሥዩም ያን ቀን ትንሽ ቀማምሰው ነበር ይባላል፤ እኛ ግን በዲጂታል አስክረን አስተካክለናቸዋል» አለ። ሊናገር የፈለገው አስክነን ነበር መሰለኝ፤ በድንጋጤ ይሁን በቀልድ አላውቅም፣ አዳራሹ ግን በሳቅ ፈረሰ። ሉባባ መሬት መሬት አየች። እኔ ትራምፔቱን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

ሲዲው ጀመረ። ድራም፣ ባስ፣ ከዚያ ወንድሜነህ። ሉባባ አፏን ከፈተች፣ የሃያ ሁለት ዓመት ድምፇ ከስፒከሩ ወጣ። ማይኳ ተዘግቷል፤ ሁሉም ነገር ማስመሰል ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። «ሐሙስ ስትመጣ እኔ እጠብቅ...»

ገባሁ። ባለ በሌለ ኃይሌ ነፋሁት። የኔ ትራምፔት ማጉያ አያስፈልገውም፤ ድሮም ወጥ ቤት በር ሥር ያቆመኝ ይኸው ጉልበቱ ነው። አራት ምት ቆይቶ ደግሞ ከስፒከሩ ያ የሃያ ስምንት ዓመቱ ሥዩም ገባ፣ የተስተካከለው፣ ተራ ጠባቂው። ሁለታችን አንድ ዜማ ይዘን፣ እኔ ከፊት እሱ ከኋላ፣ እንባላለን። የሚሰማው ነገር ጆሮ ይበጥሳል። የፊተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት ጆሮዋን ያዘች። እኔ አላቆምኩም። እሱ ያቁም አልኩ በሆዴ፤ እሱ ነው የኋላው።

ያን ጊዜ ሉባባን አየኋት። ስገባ ድሮ እንደለመደችው አፏን ገጥማለች፤ ሃያ አራት ዓመት የለመደ አፍ ሳይጠይቃት ተዘጋ። ከስፒከሩ ግን «...ሃለሁ» የሚለው ሞልቶ ወጣ። አፏ ተዘግቶ ድምፇ ሲናገር አዳራሹ ሁሉ አየ። እሷም ሰማችው። ፊቷ ተለዋወጠ፤ የሚያፍር ሰው ፊት ሳይሆን ንብረቱን ሌላ ሰው ይዞት ያገኘ ሰው ፊት ሆነ። የተዘጋውን ማይክ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ወደ በፍቃዱ ዞራ «አጥፋው» አለችው። በፍቃዱ ሲያመነታ አጠገቡ የነበረ ሰው ማሽኑን አጠፋው።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ይሆናል፣ አንድ ሰው እንኳ አላሳለም። ሉባባ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ሁለተኛውን ቤት በባዶ ድምፇ ጀመረችው። ድምፇ ድሮ እንደነበረው አይደለም፤ ወፍሯል፣ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። በእግሯ ምቱን ትይዛለች። ከኋላ ያሉ ሰዎች በእጃቸው ተቀበሏት፣ ከዚያ ሁሉም። የመጨረሻው ቤት ላይ ደርሳ «ሐሙስ ስትመጣ እኔ» ስትል አዳራሹ በአንድ አፍ «እጠብቅ» አለ፤ እኔ ገባሁ፣ ሰዉ ዘለለ፤ ቤልቦተም የለበሱት ልጆችም አብረው ዘለሉ። ከላይ ያለችው ድምፅ መጣች። ብትቀርም ግድ አልነበረኝም።

ከመድረክ ስወርድ በፍቃዱ በላብ ተጠምቆ ጠበቀኝ። እንዳዋረድኩት፣ እንደዚህ ያለ ነገር ከኔ እንዳልጠበቀ ተናገረ። ለመመለስ አፌን ስከፍት ሰዎች ከበቡት፤ ሲዲው ላይ ያለው የትኛው ነው፣ አሁን የሰማነው ካልሆነ አንወስድም ይሉታል። በፍቃዱ ነጋዴ ነው፤ ወዲያው እጁን አጣጥፎ የድሮውን እንደሚመልሰው ማለላቸው። አላመሰገንኩትም። የራሴን ነገር ስለመለሰልኝ ምን ብዬ አመሰግነዋለሁ? ሉባባ ባጠገቤ ስታልፍ ልብሷን እያስተካከለች «ይህን ያደረግኩት ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አለችኝ። አልመሰለኝም።

ትራምፔቱን ወደ ሣጥኑ ልመልስ ጎንበስ ስል ትርሲት አጠገቤ ቆማለች። ሰሌዳዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ቀስ ብላ፣ እንዳታስቀይመኝ እየፈራች፣ ጠየቀችኝ።

«ጋሽ ሥዩም፣ ኤቭሪባዲ ሰክረው ነበር ይላል። ትሩ ነው?»

አየኋት። ቃሌን የሰጠሁት ለአባቷ ነው፤ ሰው እንዳያውቅብኝ ነው ያለኝ። ይህች ግን ሰው አይደለችም፤ የራሱ ልጅ ናት። ሃያ አራት ዓመት ስመዝነው የነበረው ነገር እዚያው ቆሜ ቀለለኝ።

«አልጠጣሁም» አልኳት። «የምገባው አባትሽ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ነበር። ዝቅ አደረገ፣ ገባሁ። ግን ምልክት አልነበረም። ሁዳዴ ነው፤ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ራበውና እንቅልፍ ጣለው። ለማንም አትናገር ብሎኝ ነበር።»

ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ታላቅና ረቂቅ የሚለውን ቃል በአውራ ጣቷ ሸፍናዋለች። አባቷ እንደ ተወሰደ፣ ጀግና እንደ ነበር፣ ሊቅ እንደ ነበር ዕድሜዋን ሙሉ ነግረዋታል። እንደሚርበው የነገራት ሰው አልነበረም። ስለ ዘፈኑ ትጠይቀኛለች፣ ወይም ለምን ዝም እንዳልኩ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኗን አነሳች፣ እንግሊዝኛዋን ተወችው።

«ከዚያስ» አለችኝ፣ «በላ?»

«በላ» አልኳት። «ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ከወጥ ቤቱ ሽሮ አመጡልን። የራሱን ጨረሰና የኔንም በላብኝ።»